ፎንት ያሰረው ማሽን፦ የኢሉባቦር ጽሕፈት ቤቶች ታሪክ

በመቱ ከተማ "ጽሕፈት፣ ፎቶኮፒና ላሚኔሽን" የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት መንገድ የለም። ጎሬም፣ ሁሩሙም፣ ያዮም፣ በደሌም ብትሄዱ ያው ነው። ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ኮምፒውተሩ በምን እንደሚሠራ ብትጠይቁ "በዊንዶው ነዋ!" ይሏችኋል። ሌላ የማሽን ሥርዓት መኖሩን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሚያውቁትም ውስጥ የሚሠሩበት እጅግ ያነሱ ናቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሥርዓት ላይ ሲያለቅስ፣ ፋይሉ ሲጠፋበት፣ ማሽኑን በየጊዜው ፎርማት ሲያስደርግ ስንት ዓመት ኖሯል። ሊኑክስ የሚባል ነጻ የሆነ፣ የዊንዶውስ ቫይረስ የማያጠቃው አማራጭ ግን ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ በእጃችን ነበር። ታዲያ ለምን አልተሻገርንም?

ይህን ጥያቄ ለወጣት ባለሙያዎች ሳነሳ "ሰው ስለማያውቅ ነው" ይሉኛል። እኔ አልስማማም። በጽሕፈት መኪና ጀምሬ እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መልሱ ያለው በፊደላችን ታሪክ ውስጥ ነው እላለሁ። የመቱን ማሽን ያሰረው ፎንት ነው።

በዚህ አገር የቢሮ ጽሑፍ የትናንት ነገር አይደለም። ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች። ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ላይ በጀልባ ወደ ሱዳን በሚሄድበት ዘመን የውጭ ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስላ ጎሬ ተቀምጠው ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅም የአገሪቱ መንግሥት ወኪል ሆኖ ለጥቂት ወራት የቆየው በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ጎሬ ላይ የነበረው አስተዳደር ነው። አቤቱታ፣ ውል፣ የቡና ሒሳብ፣ ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ከጎሬ ይወጣ ነበር። ዛሬ ጎሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ወረቀት የማክበር ልማዷ ግን በአካባቢው ሁሉ ቀርቷል። የኢሉባቦር ሽማግሌ ጉዳዩን በቃል ተናግሮ አይረካም፤ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ኮፒው በእጁ ሲገባ ነው የሚያምነው።

ያንን ወረቀት የሚያወጣልን የጽሕፈት መኪና ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በላቲን የጽሕፈት መኪና ላይ ለማስገባት የደከሙ ሰው ናቸው። በሥራቸው ልክ አልተመሰገኑም ባይ ነኝ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን አርባ ገደማ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል መፍትሔው መቀጠል ሆነ፦ በመጀመሪያ የፊደሉን ገላ መምታት፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ መጨመር። እኔ መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተማርሁበት ኦሊቬቲ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር። ቅጥያው ትንሽ ከተዛነፈ "ሙ" የነበረው ሌላ ነገር ይሆናል። ስቴንስል ላይ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱን በቀይ ቀለም ደፍነን፣ እስኪደርቅ እፍ ብለን፣ እንደገና እንመታለን። በክረምት አይደርቅም። ጎሬና መቱ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ናቸውና ክረምቱ ረጅም ነው።

ነገር ግን ኦሊቬቲው አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው። በእሱ የተጻፈው ወረቀት የትም ቢሄድ ይነበባል። ከመቱ የወጣ ደብዳቤ አዲስ አበባ ሲደርስ ያው ደብዳቤ ነው። ይህን በጎነት ያጣነው ኮምፒውተር ሲመጣ ነው።

በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ በፖለቲካ ዓይን ብዙ ተብሎበታል፤ በጽሕፈት ሠራተኛ ዓይን ግን የተነገረ ነገር አላየሁም። በእኛ ቤት ያመጣው ለውጥ ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፊደል መሥራት ጀመረ። የወረዳና የዞን ደብዳቤ በቁቤ ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የነጋዴ ውል፣ ከፌደራል መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ መጻጻፍ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ደግሞ በአማርኛ ቀጠለ። ኮምፒውተር ወደ መቱ ሲገባ ሁለቱ ፊደሎች በማሽኑ ፊት እኩል አልነበሩም። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ከፋብሪካ በወጣ በማንኛውም ማሽን ላይ ምንም ሳይጨመር ይጻፋል። ያስቸግር የነበረው ቢኖር ማሽኑ እያንዳንዱን የኦሮምኛ ቃል የተሳሳተ እንግሊዝኛ መስሎት ከሥሩ ቀይ መስመር ማስመሩ ነው። እሱን ማጥፋት ይቻላል። አማርኛ ግን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አንድ ፊደል አይወጣም ነበር።

የዚያ ፕሮግራም ታሪክ የሚጀምረው ከባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የሚኖሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ሠሩ። የዶክተር አበራ ፕሮግራም ሞድኢት ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙዎች ተነሡ፤ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዡዋል ግዕዝ የሚባሉትን የእኔ ዕድሜ ታይፒስቶች ሁሉ ያውቋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ አማርኛ ከኮምፒውተር ዘመን ውጭ ይቀር ነበር። ክብር ይገባቸዋል።

ችግሩ ዓለም አቀፍ ደንብ ባልነበረበት ጊዜ መሥራታቸው ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ የተያዘ ነው። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ በልቡ የሚያውቀው አንድ የፈረንጅ ምልክት ነው፤ ፎንቱ ያንን ምልክት "ሀ" አስመስሎ ያሳየናል። አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ድሮው ኦሊቬቲ ገላውን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አደረገው። "ሀ"ን ሁሉም እንደየፈቃዱ በተለያየ ወንበር አስቀመጠ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። እኛ ዘንድ የደረሰው መጻፊያ ፕሮግራም ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ገበያው እዚያ ነበርና በሠሪዎቹ አይፈረድም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በየቀኑ አየሁት። አንድ ወጣት ተላላኪ ከያዮ በኩል መጥቶ በራፌ ላይ ቆመ።

"አዴ፣ ያ የጻፉልን ደብዳቤ አለቃዬ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ነገር ሆነ። ይህ የማን አገር ጽሑፍ ነው ብለው ተቆጡ።"

"ፎንቱ የላቸውም ማለት ነው ልጄ። ፍላሽህን አምጣ፣ ፎንቱንም አብሬ ልጫንልህ።"

እንዲህ ያለ ንግግር ያልሰማ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የለም። ፎንቱ ካለበት ማሽን ጋር መጣበቅ ግዴታ ሆነ። ፕሮግራሙ ያለበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ እኛም ኤክስፒ፤ ደንበኛው ያለበት ሥርዓት የእኛም ሥርዓት። የምርጫ ነገር ተነሥቶም አያውቅ።

ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢሉባቦር ላይ የነገሠው ግን ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ሲሆን ከነገሠ በኋላም አልወርድ አለ። ማይክሮሶፍት መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድጋፉን ሲያቋርጥ በወረዳ ቢሮዎች አብዛኛው ማሽን ገና በእሱ ላይ ነበር። የሚጫንበት ሲዲ ከአዲስ አበባ መርካቶ ተገዝቶ ይመጣል፤ አንዱ ሲዲ ለስንት ማሽን እንደሆነ የቆጠረ የለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት እንደሚጠበቅ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዚያ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ በእኛ ሙያ ግን ያወቀው አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። የአንድ ዊንዶውስ ትክክለኛ ዋጋ ከአንድ ታይፒስት የወር ደመወዝ በላይ በሆነበት ቦታ ሕጋዊው መንገድ የተዘጋ ነበር። ነጻ የሆነውን ሥርዓት ፎንቱ ከለከለን፤ የሚሸጠውን ኪሳችን ከለከለን። የቀረው የተሰነጠቀው፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተባዛው ቅጂ ነው። የተሰነጠቀ ቅጂ ደግሞ እድሳት አያገኝም ወይም ሰው እድሳቱን ፈርቶ ያጠፋዋል።

ቫይረሱ የገባው በዚህ በር ነው። በመቱ "ሾርትከት ቫይረስ" ሲባል የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ፍላሽ ስትሰካ ፎልደሮችህ ሁሉ ተደብቀው በስማቸው ትናንሽ የሐሰት ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ እነሱን ስትነካ ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይገባል። አንድ ጊዜ የገባበት የፎቶኮፒ ቤት ለከተማው ሁሉ ያከፋፍለዋል፤ ተማሪው አሳይመንቱን፣ ዲቪ የሚሞላው ወጣት ፎቶውን፣ መምህሩ ፈተናውን ይዞ ሲመጣ ቫይረሱን ይዞ ይመለሳል። የፍላሽ ቫይረሶች ሌላው ትልቅ በር ዊንዶውስ የተሰካን ፍላሽ በራሱ የመክፈት ልማዱ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህንን ልማድ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በኢንተርኔት በላከው እድሳት ነው። መድኃኒቱ ወጣ፤ ግን በኢንተርኔት ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ያልነበረው የአልጌ ወይም የዳሪሙ ወረዳ ኮምፒውተር ያንን እድሳት መቼ ያገኛል? ዓለም በሽታውን ረስቶት እኛ ለዓመታት ስንታመም የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመብራቱም በኩል ያው ነው። መቱና አካባቢዋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ አላቸው። ወንዙ ቅርብ ቢሆንም መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ በክረምት ነጎድጓድ ይመታዋል። ሳይዘጋ መብራት የሄደበት ማሽን ደጋግሞ ከሆነበት አንድ ቀን አይነሣም። ያኔ "ፎርማት አድርጊልኝ" ነው። ፎርማት በእኛ አገር ራሱን የቻለ የገቢ ምንጭ ነበር፤ ብዙ ወጣት ተምሮበታል። በዚያ ውስጥ ግን ስንት የእድር መዝገብ፣ ስንት የሠርግ ፎቶ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደጠፋ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሊኑክስ ወደ ኢሉባቦር የገባው በዚህ መከራ ውስጥ ነው፤ እንደ አዳኝ እንጂ እንደ ባለቤት አልገባም። ሊኑክስን የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991። በአፍሪካ ስሙን ያስጠራው ግን ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ኡቡንቱ ሲሆን የመጀመሪያው ቅጂ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ኡቡንቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። በአንድ የጅማ ተማሪ እጅ መቱ የደረሰው ሲዲ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ እኔም ዘንድ መጣ። ሲዲውን ከትቶ ማሽኑን ማስነሣት ይበቃል፤ ምንም ሳይጫን ሥርዓቱ ከሲዲው ይነሣል። የተሰካው ፍላሽ ውስጥ ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች በሙሉ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ አይንቀሳቀስምና። አልነሣ ባለ ማሽን ውስጥ ያለው ፋይልም ወጥቶ ይተርፋል። ፋይሉን ካዳንን በኋላ ምን እናደርጋለን? ዊንዶውስ እንደገና እንጭናለን። በየከተማው ያሉ ባለሙያዎች ለዓመታት በኡቡንቱ ያዳኑትን ፋይል ለኤክስፒ ሲያስረክቡ ኖረዋል። ይህንን ለውጭ ሰው ሳስረዳ ግር ይለዋል።

ምክንያቱን ግን ሞክሬ አይቼዋለሁ። አንዱን የሱቄን ማሽን ሙሉ ለሙሉ ኡቡንቱ ላይ አደረግሁት። ቁቤው ምንም እክል አልገጠመውም፤ የወረዳ ደብዳቤ ኦፕን ኦፊስ በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ሄደ። አማርኛው ላይ ስደርስ ነገሩ ተለወጠ። የድሮውን ፎንት ገልብጬ ብጭነው አሮጌው ጽሑፍ በከፊል ይነበባል፤ መጻፊያው ፕሮግራም ግን የዊንዶውስ ነውና አይሠራም። ሊኑክስ ራሱ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ዩኒኮድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ደንብ የሚከተል ነው። በእሱ ጽፌ ለደንበኛ ስሰጥ እዚያ ኤክስፒ ላይ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይታያል። እኔ ትክክለኛውን ደንብ ተከትዬ የጻፍሁትን ከተማው ማንበብ አልቻለም። የጽሕፈት ቤት ሥራ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያነብበውን መጻፍ ነው። ማሽኑን ወደ ዊንዶውስ መለስሁት፤ ዛሬም ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም እላለሁ። አንድ ሱቅ ብቻውን ሊሻገር አይችልም፤ የሚሻገረው ከተማ ነው።

ሰንሰለቱን የበጠሰው ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደል ሁሉ ለእያንዳንዱ የራሱን ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ደንብ ነው። ዳንኤል ያዕቆብንና ከላይ የጠቀስኋቸውን ኢንጂነር ፍስሐን ጨምሮ ብዙዎች ደክመውበት ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ቅጂ በ345 ምልክቶች ተመዘገበ። "ሀ" ከዚያ በኋላ በዓለም ሁሉ አንድ ወንበር አላት። ወረቀት ላይ የተመዘገበው ነገር መቱ እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ በሥርዓቱ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በወጣው ቪስታ ነው። ቪስታ ከባድ ስለነበር በእኛ አገር ማሽን ላይ አልቆመም፤ በእውነት የመጣልን በዊንዶውስ 7 ነው። ኤክስፒ ቀስ እያለ ሲወጣ ሳጥኑም አብሮት ወጣ። ከዚያ ስልኩ መጣና ነገሩን ጨረሰው፤ ወጣቱ በስልኩ የሚጽፈው አማርኛ ሁሉ ዩኒኮድ ነው። ዛሬ በቴሌግራም የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ይላክልኛል፣ ገልብጬ አስተካክዬ አትማለሁ። ላኪውም እኔም ስለ ፎንት አናነሣም።

የሕይወት ታሪክ ስል አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። የአንድ አረጋዊ መምህር ቤተሰቦች በክረምት ሌሊት በሬን አንኳኩ፤ ቀብሩ በማግስቱ ረፋድ ነው። ዋናው ማሽን አልነሣ አለ። ከጓዳ ያረጀውን፣ ሊኑክስ የጫንሁበትን አውጥቼ በዩኒኮድ ጻፍሁት፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ እያነበበ አረመልኝ፤ ሳይነጋ ታተመ። ከዓመታት በፊት በዚያው ሥርዓት የተጻፈ አንድ መስመር ከተማው አላነበበልኝም ነበር። መሻገር እንደሚቻል ያመንሁት ያን ሌሊት ነው።

ሌላ ማሰሪያ የለም አልልም። የሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፒችትሪ የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። የወረዳ ገንዘብ ቢሮዎች በጀት የሚመዘግቡበት አይቤክስም እንዲሁ። የአንዳንዱ ፎቶኮፒ ማሽን ድራይቨር ለሊኑክስ አይገኝም። ለሕፃናት ሊኑክስን ለማለማመድ የተሞከረም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትናንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋል፤ ውስጣቸው ሊኑክስ ነበር። ልጆቹ አድገው ቢሮ ሲገቡ የጠበቃቸው ግን ዊንዶውስ ነው።

አሁን የደረስንበት ፈተና ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዊንዶውስ 10 እድሳቱን በራሱ ጊዜ ያወርድ ነበር፤ በሞባይል ሆትስፖት ለሚሠራ ሱቅ ይህ ማለት የገዛው ጥቅል ሳይሠራበት ማለቅ ነበር። እሱም ቢሆን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማንኛውንም ማሽን አይቀበልም፦ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል፣ ኢንቴል ከሆነ ከሞላ ጎደል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ኤክስፒ 128 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር። በመቱና በአካባቢዋ ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና ሱቅ ውስጥ ያለው ማሽን አብዛኛው ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆነ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ይጽፋል፣ ያትማል። ሥርዓቱ ግን ጥሎት ሄዷል። ይህ ሁሉ ማሽን በየመጋዘኑ ይጣል ወይ? በውጭ ምንዛሪ የገባ ንብረት ነው።

አይጣል እላለሁ። ዛሬ ቀለል ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ፣ በ4 ጊጋባይት ማሽን ላይ በደንብ ይሠራሉ። ሊብሬ ኦፊስ ደብዳቤውንም ሠንጠረዡንም ይሠራል፤ በአማርኛ ገጽታም ይገኛል። የአማርኛ መጻፊያው ከሥርዓቱ ጋር ይመጣል። ቁቤ ያው ድሮም ችግር አልነበረበትም። በእርግጥ ሊኑክስም ቢሆን ሁሉንም አሮጌ ማሽን ይዞ አይጓዝም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ባለ 32 ቢት ማሽኖችን መደገፍ አቁሟል፤ ባለ 32 ቢት ፔንቲየም 4 ይዞ ያለ ትምህርት ቤት ጊዜው እያለፈበት ነው። ኮር አይ 3፣ ኮር አይ 5 ያለው ግን ገና ብዙ ዓመት አለው። ፒችትሪና አይቤክስ የሚሠራበት ጠረጴዛ በዊንዶውስ ይቆይ፤ ደብዳቤ፣ ፈተናና ማስታወቂያ ለሚጻፍበት ለቀረው ሁሉ ዊንዶውስ ግድ አይደለም።

ለዚህም ሰው አለን። መቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ። ፎርማት ሲያደርግ የኖረ ወጣትም ሊኑክስ መጫን አይከብደውም፤ ከፎርማት አይለይም።

ነገር ግን ከመጫን በፊት መደረግ ያለበት አንድ ሥራ አለ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ለእሱ ነው። ከ1990ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ፣ የእድር ደንቡ፣ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የሽምግልና ውሉ፣ የሟቾቻችን የሕይወት ታሪክ፣ በእነዚያ በአሮጌ ፎንቶች ተቆልፎ በየጓዳው በተጣለ ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። ፎንቱ ከማሽኑ ጋር ከጠፋ ፋይሉ ቢተርፍም አይነበብም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከታወቀ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ እንደ እኔ ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፦ አሮጌውን ኤክስፒ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስነሡት። ፎንቶቹን ከነስማቸው ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩ፤ የማትችሉትን አትማችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ በማሽኑ ላይ የፈለጋችሁትን ሥርዓት ጫኑ።

የሚያግዛችሁ ሰው ካጣችሁ መቱ ላይ ያሉትን የጽሕፈት ቤቶች ጠይቁ፤ ከድሮዎቹ ታይፒስቶች የእነዚያን ፎንቶች ስም የማናስታውስ የለንም። በሕይወት ሳለን ጠይቁን።